በክረምት በሞተር ሳይክል ስለ መጓዝ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ወገኖች ስለ ግብዓት አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ትስስር ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ከእነርሱ ጎን ሲቆም ያነሰ ይመስላል፤ በዝናብ ጊዜ ሞተር ሳይክል ስለ መንዳት ነው። ሆኖም የየትኛው ማኅበር መጋዘን ዩሪያ እንዳለቀበት የሚነግረው ወረቀት፣ የበግ ክትባት የያዘው የበረዶ ሳጥን፣ ስንዴው ላይ ዋግ ታየ ሲባል ሄዶ የሚያየው ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ በእኛ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በአብዛኛው የሚጓዙት በዚችው ባለ ሁለት ጎማ ነው። በበጋ አይሱዙም ይገባል፣ ሚኒባስም ይገኛል። ክረምት ሲጠና መኪናው ከዋናው መንገድ አይወጣም፤ ወደ ቀበሌ የሚዘልቀው ሞተሩ ነው። እንግዲህ ሞተር ከምንም ጊዜ ይልቅ የሚያስፈልገን በክረምት ነው፤ ሞተር ከምንም ጊዜ ይልቅ ሰው የሚጥለውም በክረምት ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ላይ ነው።

ይህ ነገር ለገበሬው ምን ያህል እንደሚከብድ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በ2002 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሣ ኩብሳን የመሰሉ በሰፊው ይዘሩ የነበሩ ዝርያዎች ክፉኛ ተጎድተዋል። ቢጫ ዋግ ብርድና እርጥበት ይወዳል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለው መስመር ሲታይ ቶሎ ካልተረጨ ማሳውን ያለብሰዋል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚወስደው ነፋስ ነው። ልብ በሉ፤ ዋጉ የሚወደው አየር ጉምና ካፊያ ነው። ለሞተር ነጂ ደግሞ ከዚህ የከፋ አየር የለም። ባለሙያው ዝናቡ አባርቶ መንገዱ እስኪደርቅ ልቀመጥ ቢል ዋጉ አይጠብቀውም። እንግዲህ «በዝናብ አትንዳ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን አይሆንም። መነጋገር ያለብን እንዴትና እስከ የት እንደሚነዳ ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እንየው። መንዝ በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጭት፣ በሰሜን ቀጭኔ ወንዝ ከብበውት በምሥራቅ በኩል ደግሞ ረጅም የተራራ ሰንሰለት የተጋረደለት አገር ነው። ከቀጭኔ ማዶ ግሼ አለ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በመርሐቤቴ በኩል ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ከለሚ አፋፍ ተነሥቶ ጀማ ወንዝ ድልድይ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ ዳገት ይወጣል። በጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ፣ ረፋድ ላይ የቆላ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በአንድ መንገድ ላይ የሚያጋጥም ሰው ለሦስቱም ለብሶ መውጣት አለበት ማለት ነው።

ስለ ልብስ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። የመንዝ ሰው ስለ ዝናብ ልብስ ከማንም አይማርም። ገሳውን ከጓሳ ሣር ይሠራል፣ በርኖሱን ከበጉ ፀጉር ያሠራል፤ ሁለቱም በእግርና በበቅሎ ለሚሄድ ሰው ወደር የላቸውም። ለሞተር ግን አይሆኑም። ገሳውን ነፋስ ከፍ አድርጎ ፊት ላይ ይደፋዋል። በርኖሱ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጫፉም ወደ ካቴናው ይወርዳል። ብዙ ወጣቶች የሚያደርጉት አንገት ላይ የሚታሰር ላስቲክም ከዚህ አይሻልም፤ የኋላ ጎማ ከጠቀለለው ነጂውን በአንገቱ ይጎትተዋል። የሚያስፈልገው ሱሪና ጃኬት የሆነ፣ ወገብና እጅጌው የሚጠብቅ የዝናብ ልብስ ነው። ለእጅ ግን ከራሳችን በግ የተሻለ አላገኘሁም። የሱፍ ክር ቢርስም ይሞቃል፤ ከውስጥ የሱፍ ጓንት አድርጎ ከላይ የላስቲክ ጓንት መደረብ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨበጠ አያውቅም። በጓሳ በኩል በዝናብ ያለ ጓንት ግማሽ ሰዓት የነዳ ሰው ይህን ሊነግራችሁ ይችላል። የራስ ቁር ማድረግ በሕግም የታዘዘ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ሲል እንዳስረዳው በአግባቡ የታሰረ የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ወደ 40 በመቶ፣ ከባድ የራስ ጉዳትን ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይቀንሳል። በአግባቡ የታሰረ ማለት ማሰሪያው አገጭ ሥር የተቆለፈ ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ የራስ ቁር የሚያድነው ክንድን ብቻ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልግባ። ገበሬ አፈርን ከእኔ የበለጠ ስለሚያውቅ በአፈር ቋንቋ ልናገር። ጥቁሩ መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ይኸው ጭቃ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየተጠቀጠቀ ይገባና ጎማው እንዳይዞር አድርጎ ይይዘዋል። የፊት ጎማ እንዲህ ሲያዝ ነጂው በመሪው በላይ ይወረወራል። እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ የገጠር ሞተሮች የፊት ጭቃ መከላከያቸው ከፍ ብሎ የተሠራው ለዚህ ነው። የከተማዎቹ ግን ጎማውን ተጠግቶ ይቀመጣል፤ በእነርሱ መረሬ ላይ የሚነዳ ሰው በየተወሰነው መንገድ ወርዶ በእንጨት መፋቅ ግድ ይሆንበታል። ለመንገዳችን ሞተር ሲገዛ ከዋጋው ጋር ይህም እንዲታይ አሳስባለሁ።

ቀዩ አፈር ደግሞ አይጣበቅም፤ ላዩ ሳሙና ይሆናል፣ ሥሩ ደረቅ ነው። ቁልቁለት ላይ እጅግ አታላይ የሚሆነው እርሱ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቁልቁለት ሞተሩን የሚይዘው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይጨብጡ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ መተው፤ የኋላውን ፍሬን በቀስታ መንካት፤ የፊቱን በጣም በጥንቃቄ፣ መሪው ቀጥ ባለበት ጊዜ ብቻ መጠቀም። ማጠፊያ ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ አይገባም፤ መቀነስ ያለበት ከማጠፊያው በፊት ነው። ዳገት ላይ ነዳጁን እኩል አድርጎ መስጠት ነው እንጂ ጎማው ቦታው ላይ ሲሽከረከር መጨመር ጉድጓድ መቆፈር ብቻ ይሆናል። መኪና ያወጣው ቦይ ካለ አንዱን መርጦ እዚያው መቆየት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ልዝለል ማለት የብዙዎች መውደቂያ ነው።

ስለ ፍጥነት አጭር ስሌት ላቅርብ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው በግ አይቶ እጁ ፍሬኑን እስኪጨብጥ አንድ ሴኮንድ ያልፋል፤ ሞተሩ ግን ገና መቀነስም አልጀመረም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው መቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ መንገዱ ሲረጥብ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ዝናብ ባባራ ጊዜ በጎች ከረጠበው ሣር ይልቅ መንገዱ ላይ መቆም እንደሚወዱ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ገሳ የደፋ ሕፃን እረኛም ወደ ጎን አያይም፣ የሞተር ድምፅም በደንብ አይሰማም።

አስፋልት በደረሰበት ሥፍራ ሰው ይዝናናል። ሆኖም አስፋልት በጣም የሚያንሸራትተው ዝናቡ እንደጀመረ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው፤ ከመኪና የተንጠባጠበው ዘይትና አቧራው ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ገና አልታጠበም። ለጭቃ የሚጠቅመው ባለ ጥርስ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ መያዣው ያንሳል። በጣርማ በር በኩል የሚመላለሱት ይህን ከጉሙ ጋር ያገኙታል። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ግድግዳ ላይ እንደማብራት ነው፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ይጋርዳል። አጭሩን አብርቶ፣ በየማጠፊያው ጡሩምባ እያሰሙ፣ ዳር ይዞ መሄድ ይሻላል። ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ወርዶ ማሳለፍ ምንም አያዋርድም።

ወንዝን በሚመለከት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዋና ዋናውን ልናገር። የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ገለባና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ድንጋይ ሲያንከባልል ከተሰማ ቁሞ ማየት እንጂ መግባት አይገባም። የሚሻገሩት ውሃም ቢሆን በመጀመሪያ በእግር በበትር እየለኩ ሥሩን መርገጥ ያስፈልጋል፤ ከጉልበት በላይ የሆነ የሚፈስ ውሃ ለሞተር መንገድ አይደለም ብዬ እመክራለሁ። የሚቻል ሲሆን በአንደኛ ማርሽ፣ ሳያቋርጡ፣ እኩል ነዳጅ እየሰጡ ማለፍ ነው። መሐል ላይ ከጠፋ ግን ማስነሣት ክልክል ነው። ውሃ ከውስጥ ከገባበት ሲነሣ ብረቱን ያጣምመዋል። ገፍቶ ማውጣት፣ ካንዴላውን መፍታት፣ ደጋግሞ በእግር እየመቱ ውሃውን ማስተፋት፣ የአየር ፊልትሮውን መጭመቅ፣ ዘይቱንም ማየት። ዘይቱ ወተት ከመሰለ እዚያው ይቁም። ከወንዝ ከተወጣ በኋላ ፍሬኑ ውሃ ስለጠጣ አይዝም፤ ቁልቁለት ሳይጀመር ቀስ እያሉ እየነዱ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ በመያዝ ማድረቅ ይገባል።

በላሎ ምድር አንድ አባት ሞተሬን አይተው የተናገሩትን ላጫውታችሁ። «እኔ በቅሎዬ ወንዝ ዳር ቆማ ጆሮዋን ከቀሰረች አልመታትም፤ ወርጄ ውሃውን አያለሁ። የናንተ በቅሎ ግን ጆሮ የላት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በቅሎ እምቢ ትላለች። ሞተር እምቢ አያውቅም፤ ነዳጅ እስከተሰጠው ድረስ ገደልም ቢሆን ይሄዳል። ስለዚህ በቅሎዋን ተክቶ እምቢ ማለት ያለበት ነጂው ነው። ነጂው እምቢ እንዲል ደግሞ የሚያሠራው ኃላፊና የሚጠብቀው ገበሬ ሊፈቅዱለት ይገባል። እዚህ ላይ ነው እኔ ከዚህ መድረክ የምፈልገው ነገር ያለው።

አንድ የማውቀው ባልደረባችን ወንዝ ሞልቶበት ከመንገድ ተመለሰ። በወሩ ግምገማ «ወደ ቀበሌው ሳይደርስ የቀረ» ተብሎ ተያዘበት። በሌላ ጊዜ ያው ወንዝ ሞልቶ ሲያገኘው ግምገማውን አስቦ ገባ። ሞተሩን ውሃ ወሰደው፤ እርሱን በገመድ ያወጡት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እንዲህ ያለው አቆጣጠር ነጂውን ወደ ውሃ ይገፋዋል። ወንዝ ዳር ደርሶ የተመለሰ ሠራተኛ የተመለሰበትን ሰዓትና ምክንያት በስልክ ካሳወቀ ሥራው እንደተሠራ ባይቆጠርም ጥፋት ሆኖ ሊጻፍበት አይገባም።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። በክረምት ዝናባችን ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይጠናል። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሣ ሰው እስከ 6 ሰዓት ብዙ ሊሠራ ይችላል። እኛ ግን ጠዋቱን ስብሰባ ላይ እናሳልፍና 9 ሰዓት ላይ «በሉ እንግዲህ ወደ ሥራችሁ» እንባላለን። ያኔ ሰማዩ ጠቁሯል። ሠራተኛው ጨለማን ይሸሻል፣ ዝናብን ይሸሻል፣ ያን ጊዜ ነው ፍጥነት የሚጨምረው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የወረዳ ስብሰባ እንዲያጥር፣ ሳምንታዊ ሪፖርትም ኔትወርክ ባለበት ሁሉ በስልክ እንዲቀበሉን በትሕትና እጠይቃለሁ። አንድ ገጽ ወረቀት ለማድረስ ሰው ሦስት ወንዝ የሚሻገርበት ምክንያት አይታየኝም።

አባቶቼ፣ እናንተንም የምጠይቀው አለ፤ አትቆጡኝ። በመንገዱ ላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ከሰማይ ብቻ የመጣ አይደለም። ከማሳችን የምናወጣው ፈሰስ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው መንገዱ ላይ ነው። ማሳው ይተነፍሳል፣ መንገዱ ይሸረሸራል፤ በዓመቱ ማዳበሪያ ጭኖ የሚመጣው መኪና እዚያው ይቀራል፣ ኪሣራውም ዞሮ ወደ እኛው ይመጣል። ጎረቤቶቻችን የእነዋሪ ገበሬዎች መረሬውን በእጃቸው መደብና ቦይ እያወጡ ውሃውን ከማሳ በማንጣፈፍ በአገር የታወቁ ናቸው። ያ ጥበብ ለመንገድ ዳርም ይሠራል። በየዓመቱ በበጋ ለተፋሰስ ሥራ ስንወጣ ከቀኖቹ አንዱን፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ለመንገዱ ቦይ ብንሰጥ፣ ፈሰሱንም ወደ ተፈጥሮ ውሃ መውረጃ ብንመልሰው ክረምቱ ግማሹን ይቀልላል።

ሞተር ላይ ስለሚጫነውም ላንሣ። ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ከኋላ አስሮ በጭቃ ቁልቁለት መውረድ የፊት ጎማውን ያቀለዋል፣ መሪውም አይታዘዝም። «መንገድህ ነው፣ ይችን ብቻ» የምትሉን ለመጥቀም እንደሆነ እናውቃለን፤ እምቢ ስንል ግን ኩራት አድርጋችሁ አትዩብን። ከሁሉ የሚከብደው ምጥ የያዛትን እናት በሞተር አድርስልን የሚባለው ነው። ይህን ማን እምቢ ይላል? እኔ ግን በዝናብና በጭቃ ወላድን በሞተር መጫን እርሷንም ልጇንም ለሁለተኛ አደጋ መስጠት ነው እላለሁ። ሞተሩ የሚጠቅመው ቀድሞ ሄዶ ጤና ኬላውን ለመቀስቀስ፣ አምቡላንሱም እስከ የት መድረስ እንደሚችል ለማየት ነው። እናትየዋ ግን በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ፣ እስከዚያ ሥፍራ ትምጣ። የመንደር ጉልበት በጭቃ ላይ ከጎማ የበለጠ የታመነ ነው።

ለዩኒየናችን ቦርድ የማቀርበው ሐሳብ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው፤ ቢሆንም ሞተር ውሃ ከሚወስድብን ይረክሳል። ሞተር ሲገዛ የራስ ቁር፣ የዝናብ ልብስ፣ ጓንት፣ ትርፍ ካላማዳሪያና ካቴና አብረው ይገዙ። ክፉ መሻገሪያ ባለበት ሁሉ ከወንዙ ወዲህ ያለው መሠረታዊ ማኅበር መጋዘኑ ውስጥ ሞተር የሚያሳድርበት ጥግ ይስጠን፤ ነጂው ሞተሩን እዚያ ትቶ በእግር ወይም በበቅሎ ይቀጥል፤ የበቅሎው ኪራይም በማኅበሩ መዝገብ እንደ ነዳጅ ይያዝ። ዛሬ ነዳጅ በደረሰኝ ይወራረዳል፣ የበቅሎ ኪራይ ግን አርእስት የለውም። ይህ አንድ መስመር በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢጨመር ስንት ሰው ወንዝ ዳር ወርዶ በደኅና እንደሚቀጥል አስቡት።

ጥገናን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ካቴና በክረምት በየቀኑ ታጥቦ ዘይት ይቀባል፤ ጭቃ የበላው ካቴና ሲበጠስ የኋላ ጎማውን ይዞ ሊቆም ይችላል። የጎማ ንፋስ ለጭቃ ጥቂት ቢቀነስ ይረዳል፤ የመንዝ መንገድ ግን ድንጋይ ስለሚበዛው ብዙ መቀነስ ጎማውን ያስበላዋል። የፍሬን ካቦ ዝገት ካለው ይቀየር፣ አይጠገን።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል፤ ጥያቄ ያለው ቢኖር ከምሳ በፊት እቀበላለሁ። ሞተሩ ከአዳራሹ በስተጀርባ ቆሟል። ካንዴላ ፈትቶ ውሃ ማስተፋትን በእጁ መሞከር የሚፈልግ የማኅበር ሠራተኛ ከምሳ በኋላ እዚያ ቢያገኘኝ አብረን እንሠራለን።